ሰባት አፍ ያለው ሳጥን

ባለፈው ወር ከሚሴ ሁለት ቀን ሙሉ መብራት አጥታ በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ሲመለስላት፣ እኔ ፋጡማ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የማላውቀው ወጣት ላይ እንደ ደመኛ ጮህኩበት። በተፈጥሮዬ ጯሂ አይደለሁም። ኮሌጅ ውስጥ ሳስተምር እንኳ ድምፁ ከኋላ ወንበር አይደርስም እያሉ ተማሪዎቼ ያሙኛል። የዚያን ቀን ግን ድምፄ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር፤ ማዶ ቆመው ደንበኛ የሚጠብቁት ባጃጅ ነጂዎች ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ይመለከቱን ጀመር።

ነገሩ ላየው ኢምንት ነው። ሻይ ቤቱ ግድግዳ ሥር አንድ ረጅም የመብራት ማከፋፈያ ተጋድሟል፤ መብራት በመጣ ቁጥር የአካባቢው ስልክ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ፋጡማ ለዚህ ከማንም ምንም ተቀብላ አታውቅም። አንድ ሽማግሌ ባለ ቁልፍ ትንሽ ስልካቸውን ሰክተው ለዙህር ሶላት ወጡ። ወጣቱ ገባ፤ ማከፋፈያውን ቃኘ፤ ባዶ ቀዳዳ ሲያጣ የሽማግሌውን ነቅሎ የራሱን ሰካ።

“በምን ሥልጣንህ ነው የሰው ስልክ የምትነቅለው?” አልኩት።

“ሞልቷል ብዬ ነው እኮ፣ ጋሼ።”

“አየኸው?”

“ትንሽ ስልክ አይደል? ቶሎ ነው የሚሞላው። ደግሞ የእርስዎን አልነካሁ! ይኸው የእርስዎ እንደተሰካ ነው።”

እውነቱን ነው፤ የእኔ ስልክ ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ነበር። ይህን ሲለኝ ነው የተነሣሁት። ስነሣ የሻይ ብርጭቆዬ ወድቆ ተሰበረ። ያልኩትን ሁሉ አሁን በትክክል አላስታውሰውም። ወጣቱ “አዑዙቢላህ! ሰውየውን ምን ነካው?” እያለ ስልኩን ነቅሎ ወጣ። ፋጡማ የሽማግሌውን ስልክ ወደ ቦታው መልሳ መጥረጊያ ይዛ መጣች። የብርጭቆውን ስብርባሪ ከእግሬ ሥር እየጠረገች፣ “አብሽር ጀማል፤ ስልክ ነው እኮ። መብራቱም መጥቷል፣ ይሞላል” አለችኝ።

ፊቷን ማየት አልቻልኩም። “ሞልቷል” የሚለው ቃል ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ከእኔ አፍ የወጣ ነበር፤ የተነገራቸውም ሰው አባቷ ነበሩ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም፤ ትዝታዬን አላምነውም። ለተማሪዎቼ ማስረጃ ያልቀረበበት ነገር አልተረጋገጠም እያልኩ አስተምራለሁ፤ የራሴን ዕድሜ ግን ያለ ማስረጃ ነው ተሸክሜው የምዞረው። ለዓመታት የዚያን ቀን ታሪክ ለራሴ ስተርከው መብራት ጠፍቶ ነበር። ከደጋገምኩት ብዛት ጨለማው ጭምር ይታየኝ ነበር፤ ነገሩ የሆነው በጠራራ ፀሐይ መሆኑን እስክዘነጋ ድረስ። ስለዚህ የምጽፈውን አንባቢ በጥንቃቄ ይየው። እኔም እየጻፍኩ ነው የምመረምረው።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ከሚሴ ወደ እናቴ ቤት በተመለስኩ በዓመቱ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን አንብቤ፣ የማመልከቻ ግልባጭ በላስቲክ ይዤ ከቢሮ ቢሮ ዞሬ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ቤት እገባለሁ። የከሚሴን ግንቦት የማያውቅ ሰው ሙቀት አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከቀኑ አምስት ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ቋ፣ ቋ እያለ ይንጠራራል፤ ውሻ እንኳ የመኪና ጥላ ሥር ገብቶ ያለከልካል። ሳሎናችን ውስጥ ታላቅ ወንድሜ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ትቶት የሄደ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። ያለ ሥራ ለተቀመጠ ምሩቅ ያ ኮምፒውተር መስኮትም መስታወትም ነበር፤ ዓለምን ያሳየኛል፣ ከዓለም ኋላ መቅረቴንም ያሳየኛል።

ስለ ቢትኮይን የነገረኝ በዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል አብሮኝ ያደረ ልጅ ነው። ነገሩን እንደገባኝ ላስረዳ፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ ማሽኖች አንድን የተቆለፈ ነገር ለመክፈት ቁጥር ሲገምቱ ይውላሉ። ቀድሞ ያገኘ በሽልማት መልክ አዲስ የተወለደ ገንዘብ ይሰጠዋል። ሥራው ይኸው ነው፤ መገመት፣ መሳሳት፣ እንደገና መገመት። ለዚህ የሚያገለግል እንደ ፍላሽ ትንሽ የሆነ፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ መሣሪያ ወጥቷል አለኝ። የምረቃ ሱፌን ሸጥኩ፤ ካሜራዬንም ሸጥኩ። ዱባይ ዕቃ በሚያመላልስ ያገሬ ልጅ በኩል ስድስቱን አስመጣሁ። ፍላሾቹ እንበላቸው፤ እናቴም እንዲያ ነበር የምትላቸው። አብሮ ሰባት ቀዳዳ ያለው፣ የራሱን መብራት ከግድግዳ የሚስብ ጥቁር ሳጥን መጣ፤ አሮጌው ኮምፒውተር ስድስቱን በራሱ ጉልበት አይችላቸውምና። ስድስቱ ቀዳዳ ለፍላሾቹ፣ ሰባተኛው የጡጫ ያህል ለምትሆን ማራገቢያ።

ማሰናዳቱ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ኮምፒውተሩ ፍላሾቹን አላውቃቸውም አለ። የሚያስተዋውቀውን ፕሮግራም ለማውረድ በኢንተርኔት ሞደሜ ቀጭን መስመር ግማሽ ቀን ጠበቅሁ፤ ዘጠና ከመቶ ደርሶ ይቆረጣል፣ እንደገና እጀምራለሁ። በሌላ አገር ካሉ ብዙ ገማቾች ጋር በማኅበር ተመዘገብኩ፤ ለብቻ የሚገምት ትንሽ ማሽን ዕድሜ ልኩን አያገኝም ይባል ነበርና። በሦስተኛው ቀን ስክሪኑ ላይ በተከፈተው ጥቁር መስኮት ነጫጭ ፊደላት እንደ ዝናብ መውረድ ጀመሩ። ፍላሾቹ በየተራ አረንጓዴ ብልጭ ይላሉ። አለቀስኩ ብል አጋነንኩ፤ ግን ዓይኔ ቆጥቁጦኛል። ከየቢሮው “ተመልሰህ ና” የተባልኩት ሰውዬ፣ እነሆ ከዓለም ጋር እኩል እየሠራሁ ነው አልኩ።

እናቴ ዘሃራ ሳጥኑን ያየችው በሌላ ዓይን ነው። ቤታችን ለገበያው ቅርብ ስለሆነ፣ ከአባቴ አባት ዘመን ጀምሮ ከጨፋ ሮቢት በኩል የሚመጡ ገበሬዎች የገበያ ቀን ማረፊያ ነው። የገጠር ቤተሰብ ሁሉ ከሚሴ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ቤት አለው፤ ጆንያውን ያኖርበታል፣ ውኃ ይጠጣበታል፣ ይሰግድበታል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ስልኩን ይሞላበታል፤ መንደሩ መብራት የለምና። ማከፋፈያችን ሦስት አፍ ብቻ ስለነበረው በየገበያው ቀን የስልክ ወረፋ ነበር። እናም እናቴ ጥቁሩን ሳጥን ስታይ የገዛሁት ለእንግዶቿ መሰላት። ለገበያተኛው ሁሉ፣ “ጀማሌ ሰባት አፍ ያለው አምጥቶልናል፤ የተማረ ልጅ ለሰው ያስባል” ብላ አወራች። እኔ ይህን አላወቅሁም። ቆይቼ ሳውቅ ደግሞ ማፈር ሲገባኝ ተናደድኩ።

ያወቅሁት በቀጣዩ የገበያ ቀን ነው። ከከተማ ስመለስ ሳሎኑ የተለበለበ ፕላስቲክ ይሸታል። ፍላሾቹ እጅ ይፈጃሉ፤ ጥቁሩ መስኮት ደርቆ ቆሟል። ማራገቢያዋ ጠረጴዛው ላይ በጎኗ ተጋድማለች፤ በእሷ ቦታ ብዙ ጫፍ ያለው ገመድ ተሰክቶ ሦስት ስልኮች እንደ ጥጃ ይጠባሉ።

“እማ! ማራገቢያውን ማን ነቀለው?”

“እኔ ነኛ።”

“ለምን?”

“ለማን ነው የሚያራግበው? ክፍሉ ውስጥ ሰው የለ። ነፋሱ በባዶ ቤት ከሚባክን ብዬ።”

“ለፍላሾቹ ነው! ይሞቃቸዋል!”

“ያ ረቢ! ብረት ይሞቀዋል ብሎ ተምሮ መጣ። እኔ እዚያ ጓዳ ስቀቀል አንድ ቀን አራግበህልኛል?”

ምንጣፉ ላይ ያረፉት እንግዶች ሳቁ። አንዱ፣ “ዲሲ ዘሃራ፣ ተዪው” አለ፤ “የተማረ ሰው ሆዱ ለብረት ይራራል።” ሳቁ የደግነት ነበር፤ ዛሬ ይገባኛል። ያኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሦስቱን ስልኮች አንድ በአንድ ነቅዬ በየባለቤቶቹ እጅ አስቀመጥኩና፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም ስልክ እዚህ ሳጥን ላይ አይሰካም አልኩ። ሳቁ ተቋረጠ። ከእንግዳ እጅ የተቀበሉትን ሳይሞሉ መመለስ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ የተናገረችው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው፤ ድምፅዋን ሳታሰማ ማለት ይቻላል።

“አዋረድከኝ። ግን ለማን ብለህ ነው? ስልክስ ሰው ይጠራል፣ ሰው ይጠራዋል። ያ ማሽን ማንን ይጠራል?”

ማራገቢያዋን መልሼ ሰካሁ። ለአንድ ሳምንት ያህል እርስ በርስ የምንነጋገረው ምግብ ሲቀርብና ሲነሣ ብቻ ነበር።

በተከታዩ የገበያ ቀን አያ ይማም መጡ። አያ ይማም የፋጡማ አባት ናቸው፤ ከጨፋ ሮቢት ወደ ቦርከና ረግረግ ገባ ብሎ ካለ መንደር ነበር የሚመጡት። ነጭ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ አንድ ጫፉ ትከሻቸው ላይ ይንጠለጠላል። በነጠላ ጫፍ የቋጠሩትን ማሾና ሁለት የበሰለ ማንጎ ለእናቴ ሰጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

“አካም ቡልተን፣ ዘሃራ? ቤቱ ሰላም ነው?”

“ነጋያ፣ አያ ይማም። አልሐምዱሊላህ። ይግቡ እንጂ።”

አልገቡም። ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። ልጃቸው ፋጡማ ዓረብ አገር ቤት ሠራተኛ ሆና ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከእሷ ዘንድ በተመለሰች የጎረቤት ልጅ አፍ መልእክት ልካ ነበር። “ዛሬ ከመግሪብ በኋላ የሰው ስልክ ተውሳ ትደውላለች” አሉ፤ “ደላላው ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውራት ነው። ‘አባ ነይ ካለኝ ከሚመለሱት ልጆች ጋር እመጣለሁ፤ ድምፁን ካጣሁ ግን ሂጂ ማለቱ ነው፣ እሄዳለሁ’ ብላለች።”

“እና ምን ሊሏት ነው?” አለች እናቴ።

“ነይ ነዋ! ሌላ ምን እላታለሁ? እናቷም ድምጿን ትስማ ብዬ ለመግሪብ እቤት እደርሳለሁ። ስልኩ ግን ሞቷል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።”

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አላዘዘችኝም፤ አልለመነችኝም። ዝም ብላ አየችኝ። ማራገቢያዋን በገዛ እጄ ነቅዬ የአያ ይማምን ስልክ በቦታዋ ሰካሁ። ይህን አልጠራጠረውም፤ እሳቸው “ኢልመ ኮ፣ ልጄ” ብለው ትከሻዬን መታ ሲያደርጉኝ ከእጃቸው የፍየል ሽታ ወደ አፍንጫዬ መምጣቱ ትዝ ይለኛል። ፍየላቸውን ሊሸጡ ወደ ገበያ ሄዱ። እናቴም ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ልትደርስ ወጣች። ብቻዬን ቀረሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማላምነው። አንደኛው ትዝታዬ እንዲህ ይላል፤ ስልኩ ግማሽ ያህል ሞልቶ ነበር፣ አይቼ ነው የነቀልኩት። ሁለተኛው መብራት ሄደ ይላል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ያነሰ የምወደው፣ አጭር ነው፤ ስልኩ ከተሰካ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ጥቁሩ መስኮት ደረቀ። ፍላሾቹ ጋሉ። በዚያ ሳምንት በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የስሜ ቁጥር ከፍ ብሎ ነበር፤ አሁን ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ተናደድኩ። በማን? በእናቴ፣ በሽማግሌው፣ በሙቀቱ፣ ቻርጀር እንኳ ሳይዝ በሚመጣ አገር። ስልኩን ነቅዬ ማራገቢያዋን ሰካሁ። “ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ይብረዱና እመልሰዋለሁ” አልኩ። ፊደላቱ እንደገና መዝነብ ጀመሩ፤ እኔም ከፊታቸው ተቀመጥኩ። አልመለስኩትም።

አያ ይማም ከዐስር ሶላት በኋላ ላብ አጥምቋቸው ገቡ።

“ሞላልኝ?”

“ሞልቷል፣ አያ ይማም።”

ዓይናቸው ደክሟል፤ የስልኩን ትንንሽ መስመሮች ሊያዩ አይችሉም። ሊያዩም አልሞከሩም፤ ቃሌ በቂያቸው ነበር። ስልኩን ደረት ኪሳቸው ከተው መዳፎቻቸውን ዘረጉ። “አላህ የያዝከውን ይባርክልህ። እጅህ የነካውን በረከት አይለየው። የደከምክበት ሁሉ ይሙላልህ። ወልደህ ሳም፤ የልጅህን ድምፅ አያሳጣህ።” የወሎ ሰው ሲመርቅ ማቋረጥ ነውር ነው። መዳፌን ዘርግቼ “አሚን” አልኩ። አንድ ጊዜ አይደለም፤ በእያንዳንዱ ላይ።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና መጡ። እናቴ በሩን ስትከፍት ስልኩን እንደ ታመመ ጫጩት በእጃቸው አቅፈው ቆመው ነበር።

“ማል ታኤ፣ ኢልመ ኮ? ምን ሆነ? እናቷ ጭኗ ላይ አስቀምጣው፣ መግሪብ አዛን ሊል ሲል አንድ ጊዜ ጮኸና ጠፋ።”

ስልኩን ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። ያዘኑልኝ እሳቸው ናቸው። “መብራት ጠፍቶ ነበር እንዴ?” አሉኝ።

ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ማምለጫውን በራሳቸው እጅ ከፈቱልኝ። በዚህ አገር መብራት ያልተሸከመው ጥፋት የለም፤ ያልተጻፈ ደብዳቤ፣ ያልደረሰ እህል፣ ያልተጠና ትምህርት፣ ሁሉም “መብራት ጠፍቶ ነው”። ማንም አይጠይቅህም፤ ሁሉም ጨለማውን ያውቀዋልና። እኔም የሁሉንም መጋረጃ ሳብኩት።

“አዎ” አልኩ፤ “እየሄደ እየመጣ ነበር። አልያዘም መሰለኝ።”

“በል ዲሲ፣ ተወው። አብሽር፤ አንተ ምን ታደርግ።”

ያን ቀን ስድስቱንም ፍላሾች ነቀልኳቸው። ሰባቱም አፍ ለእሳቸው ስልክ ነበር፤ አንድ አፍ የሚበቃው ስልክ። በቀትር ሞላ። አያ ይማም ደጃፋችን ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እናቴ የማሽላ ቅንጬ አቀረበችላቸው፤ ሁለቴ ጎርሰው ተዉት። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ድምፁ እንዳይሸፍንባቸው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይለጥፉታል። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ጠራ። ሲነሡ ከዘራቸው ወደቀ። የፍየል ዋጋ የሚጠይቅ ነጋዴ ነበር።

ፋጡማ ደውላ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። ይህን ያወቅነው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ድምፁን ስታጣ ሂጂ ማለቱ ነው ብላ ሄደች። ከሄደችበት ከተማ ለረጅም ጊዜ ወሬዋ አልተሰማም። በአራተኛው ዓመት ስትመለስ አያ ይማም ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር። እዚያ የደረሰባትን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ እኔም ልጠይቃት አፍ የለኝም።

ማሽኑስ? ማሽኑ መገመቱን ቀጠለ። በየሳምንቱ ቁልፉ እየከበደ፣ ትልልቅ ማሽኖች እየገቡ፣ የእኔ ፍላሾች ድርሻ እያነሰ ሄደ። ሒሳቤ ውስጥ ከነጥብ በኋላ ዜሮዎች ተሰልፈው መጨረሻቸው ላይ አንዲት ቁጥር ትታይ ነበር፤ ማኅበሩ ከሚያስወጣው ትንሹ መጠን እንኳ ሳትደርስ ቀረች። የይለፍ ቃሉ ከነኮምፒውተሩ ጠፋ። አንዳንድ ጓደኞቼ ዛሬ፣ “ብትይዘው ኖሮ እኮ ሀብታም ነበርክ” ይሉኛል። ያን ጊዜ የምመልሰውን መልስ እዚህ አልጽፈውም።

ለእናቴም መብራት ጠፍቶ ነበር ብያት ነበር። እሷም ፋጡማ ስትመለስ፣ ልታጽናናት ብላ እንዲሁ ነገረቻት። ስለዚህ ፋጡማ ሻይ ቤት ስትከፍት መጀመሪያ የገዛችው ያን ረጅም ማከፋፈያ ነው። “መብራት ባለበት ሰዓት የማንም ስልክ ባዶ እንዳይሄድ” ትላለች። እኔም በየሳምንቱ እየሄድኩ እዚያ ሻይ እጠጣለሁ። ለምን እንደምሄድ ራሴን አልጠየቅሁም፤ መልሱን እንዳላውቀው እፈልግ ነበር።

የዚያን ዕለት፣ ወጣቱ ከወጣ በኋላ፣ ፋጡማ ስብርባሪውን ጠርጋ ስታበቃ መብራቱ ሲመለስ የበራው የጣራ ማራገቢያ ፍጥነቱን ጨመረ። ሽማግሌው ከሶላት ተመልሰው ስልካቸውን ለመውሰድ ጎንበስ አሉ። የጥምጣማቸው ጫፍ በነፋሱ ተነሥቶ ተርገበገበ።

ያን ጊዜ አየሁት። የፈጠርኩት ሥዕል አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚፈጥር ሰው ራሱን የሚጠላ ብቻ ነው። አያ ይማም ስልካቸውን ሊቀበሉኝ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ሲሉ የነጭ ጥምጣማቸው ጫፍ እንዲሁ ተርገብግቦ ነበር። ፈገግ ብለውም፣ “አይ ነፋስ! ደስ ሲል። ይህችው ትንሿ ናት?” ብለውኝ ነበር። ለአሥራ ሁለት ዓመት ይህን ዐረፍተ ነገር የት እንደቀበርኩት አላውቅም። ማራገቢያዋ ትዞር ነበር። ስለዚህ መብራት ነበረ። ማራገቢያዋ ሰባተኛው ቀዳዳ ላይ ነበረች። ስለዚህ ስልኩ እዚያ አልነበረም። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከዚህ ሌላ ማረጋገጫ አላስፈልገኝም።

ሽማግሌው መርቀዋት ወጡ። ደንበኞቹም አንድ በአንድ ሄዱ። ፋጡማ ብርጭቆ እያጠበች ነበር።

“ፋጡማ” አልኳት፤ “ያን ቀን መብራት አልጠፋም ነበር።”

“የቱን ቀን?”

“አባትሽ ስልካቸውን እኛ ቤት የሰኩ ቀን። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ሞልቷል ብዬ ሰጠኋቸው።”

እጇ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። አልጮኸችም። ቢጮኹባት እንኳ የማትጮህ ሴት ናት፤ እንዲህ ያደረጋት ምን እንደሆነ ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም።

“ታዲያ መብራቱ ምን ላይ ዋለ?” አለችኝ።

“ማራገቢያ ላይ።”

“ለማን?”

እናቴ ናት የጠየቀችኝ እስኪመስለኝ ድረስ። እናቴ ይህን ጥያቄ ጠይቃኝ ሳልመልስላት ካለፈች ሦስት ዓመቷ ነው። ቁጥር ስለሚገምት ብረት ለዚህች ሴት ምን ብዬ እነግራታለሁ?

እጇን በሽርጧ አደረቀች። ወደ ማከፋፈያው ሄዳ ጎንበስ አለችና ከሁለተኛው ቀዳዳ ላይ የእኔን ስልክ ነቀለች። ገመዱን ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል ጠቀለለችው። ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና፣ “በል ሂድ፣ ጀማል” አለችኝ። ቀዳዳው ባዶ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እዚያ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። በባጃጅ ሳልፍ ግን አያታለሁ፤ የሰው ስልክ ትሰካለች፣ ስትሰካ አትስቅም። መጀመሪያ ላይ ቅር ብሎኝ ነበር፤ የተናገርኩት እኮ እውነት ነው፣ እውነት የተናገረ ሰው እንዲህ ይባረራል እንዴ ብዬ። አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። በእናቴ፣ በማሽኑ፣ በመብራቱ፣ በመጨረሻም በማላውቀው ወጣት ላይ ስበትነው የኖርኩት ንዴት የእኔ አልነበረም። የእሷ ነበር። ደብቄ ይዤባት ኖሬ በዚያ ቀትር ለባለቤቷ መለስኩላት።

የአባቷን ምርቃት ግን የምመልስለት ሰው የለም።